ወረቀቱ የማን ነው? ድርሰቱስ የማን?

ባለፈው ዓመት የትምህርት ቤታችን የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ክበብ አባሎች አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ በኅብረት አንብበን ልንነጋገርበት ተስማማን። ደራሲው በሕይወት ያለ ሰው ነው። በቤተ መጻሕፍታችን የተገኘው ሁለት ቅጂ ብቻ ሲሆን እኛ ሠላሳ ነበርን፤ የመጽሐፉም ዋጋ በመሸጫው ቤት 400 ብር ነው። እኔ የክበቡ ጸሐፊ ስለ ነበርሁ አንዱን ቅጂ ይዤ ከበራችን ፊት ለፊት ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድሁ። መጽሐፉ 240 ገጽ አለው፤ ሁለት ሁለቱ ገጽ በአንድ ፊት ላይ ሲነሣ 120 ፊት ይሆናል። ባለቤቱ የሥራውን ብዛት አይተው ለአንዱ ፊት 2 ብር ስለ ተስማሙልኝ ለአንድ ሰው 240 ብር ወጣ። እንግዲህ እያንዳንዳችን 160 ብር፥ ሁላችንም በአንድነት 4,800 ብር አዳንን ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ለክበቡ ባስታወቅሁ ጊዜ የተጨበጨበልኝን ጭብጨባ አልረሳውም።

በሳምንቱ የአማርኛ መምህራችን በየዴስኩ ላይ የተቀመጠውን ነጭ ጥራዝ አይተው፥ «ለዚህ ሁሉ ስንት ከፈላችሁ?» ሲሉ ጠየቁን። 7,200 ብር መሆኑን ነገርናቸው። «ለማን ለማን ደረሰ?» አሉ። ለወረቀቱ፥ ለቀለሙ፥ ለመብራቱ፥ ለቤቱ ኪራይ፥ ለባለቤቱም ድካም እያልን ቈጠርንላቸው። «ለጻፈውስ ሰው?» አሉና ዝም አሉ። እኛም ዝም አልን። መምህራችን ስብከት የሚወዱ ሰው አይደሉም፤ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ቢኖር በሰሌዳው ላይ የክርክር ቀን መጻፍ ብቻ ነው። ርእሱም «ያልከፈሉበትን ድርሰት ማባዛት ይገባል ወይስ አይገባም?» የሚል ነበር። እኔ «ይገባል» ከሚለው ወገን ሆኜ እንድከራከር ዕጣ ወጣልኝ። ለዚያ ክርክር ስዘጋጅ ያነበብሁትንና ያሰብሁትን ነው ዛሬ ለውድ አንባብያን የማቀርበው። የውጭ አገር ታሪክ ስጠቅስ ዓመቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር፥ የአገራችንን ስጠቅስ ደግሞ በእኛ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ከሁሉ በፊት፥ መጽሐፍ ስንል በአንድ ስም ሁለት ነገር እንደምንጠራ መገንዘብ ያስፈልጋል። አንደኛው በእጅ የሚዳሰሰው ወረቀት ነው፤ ሁለተኛው በወረቀቱ ላይ ያረፈው ድርሰት ነው። መጽሐፉን የገዛ ሰው ወረቀቱ የራሱ ስለ ሆነ ሊያውሰው፥ መልሶ ሊሸጠው፥ ከፈለገም በርበሬ ሊቋጥርበት ይችላል። ድርሰቱን የማባዛት መብት ግን በ400 ብር አልተሸጠለትም፤ እርሱ ከደራሲው ጋር ቀርቷል። በሕግ ቋንቋ «የቅጂ መብት» የሚባለው ይህ ነው።

ዳሩ ግን ይህ ንብረት እንደ ሌላው ንብረት አይደለም። ከመደብር ጫማ የሰረቀ ሰው መደርደሪያውን ባዶ ያደርገዋል፤ መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ያስነሣ ሰው ግን መደርደሪያውን እንደ ሞላ ትቶት ይሄዳል። ከእኛ ወገን የነበረ አንድ ጓደኛዬ በክርክሩ ላይ፥ «ከአንድ ጧፍ ሌላ ጧፍ ቢለኮስ የመጀመሪያው ብርሃን ይቀንሳልን?» ብሎ ብዙ ጭብጨባ አገኘ። በእኔ አስተያየት አባባሉ እውነት ነው፤ ስለዚህም ማባዛትን በደፈናው «ሌብነት» ብሎ መሳደብ ነገሩን አያስረዳም። ነገር ግን ሰሙን ገዝቶ፥ ክሩን ፈትሎ ጧፉን የሠራ ሰው አለ፤ እርሱ የሚኖረው በምንድን ነው? በአገራችን ብዙ ደራስያን የማተሚያ ቤቱን ዋጋ የሚከፍሉት ከገዛ ኪሳቸው ወይም ከወዳጅ ተበድረው ነው። መጀመሪያ የሚሸጡት ቅጂዎች ለማተሚያ ቤትና ለሻጭ ይሄዳሉ፤ ለደራሲው እንጀራ የሚሆኑት በመጨረሻ የሚሸጡት ናቸው። በፎቶ ኮፒ የሚቀሩትም እነዚሁ የመጨረሻዎቹ ናቸው።

«አባቶቻችንስ መጽሐፍ ሲገለብጡ የኖሩ አይደሉምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል፤ እኔም በክርክሩ ዋና ጋሻዬ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። በእርግጥ የግእዝ መጻሕፍት እስከ እኛ የደረሱት በመገልበጥ ነው። ጸሐፊው ብራናው ተፍቆ ከተዘጋጀለት በኋላ ቀለሙን በጥብጦ፥ ብርዑን ቀርጾ፥ ወራት ተቀምጦ ይጽፋል፤ ዋጋውንም የሚቀበለው እርሱ ነው። በብዙ ብራናዎች ላይ የምናገኘው ውግዘት መጽሐፉን የሚሰርቀውንና ጽሕፈቱን የሚፍቀውን ያወግዛል እንጂ ስለሚገለብጠው ሰው ምንም አይልም። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ክርክሩን ያሸነፍሁ መሰለኝ። ቈይቼ ሳስበው ግን ነገሩ እንደዚያ አልሆነም። በብራና ዘመን መገልበጥ ራሱ የወራት ድካም ስለ ነበረ ገልባጩ ድርሰቱን ከጥፋት ያድነዋል እንጂ የማንንም እንጀራ አይነጥቅም፤ ብዙውን ጊዜም የድርሰቱ ባለቤት ካረፈ መቶ ዓመታት አልፈዋል። እኔ በፎቶ ኮፒ ቤት የቈየሁት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የደከመውም መኪናው እንጂ እኔ አልነበርሁም።

(በነገራችን ላይ፥ በቅኔ ቤት «ቅኔ ዘረፈ» ማለት ከራሱ አፍልቆ ተናገረ ማለት ነው እንጂ የሰው ወሰደ ማለት አይደለም። ከተቃራኒው ወገን አንዱ ተከራካሪ ይህን ሳያውቅ «ቅኔ ዘራፊዎች እንኳ በሥራቸው ያፍራሉ» ብሎ በመናገሩ፥ መምህራችን ሳቃቸውን እስኪጨርሱ ክርክሩ ለጥቂት ጊዜ ቆመ።)

እንግዲህ ነገሩን የለወጠው ማተሚያ መኪና ነው። አንድ ሰው በዓመት የማይጨርሰውን ሥራ መኪናው በቀን ስለሚጨርሰው፥ ድርሰት የሚሸጥ ዕቃ ሆነ፤ ወዲያውም ማን ይሽጠው የሚል ጠብ ተነሣ። በእንግሊዝ አገር የማተም መብት ለረጅም ጊዜ የለንደን አታሚዎችና መጽሐፍ ሻጮች ማኅበር እንጂ የደራስያን አልነበረም። በ1710 በንግሥት አን ዘመን የጸናው ሕግ ግን መብቱን ለደራሲው ሰጠ። የሕጉ ርእስ «ትምህርትን ለማበረታታት» የሚል ነው፤ ይህም ልብ ሊባል የሚገባው ነው። መብቱ የሚጸናው ለ14 ዓመት ሲሆን፥ ጊዜው ሲያልቅ ደራሲው በሕይወት ካለ ሌላ 14 ዓመት ይጨመርለታል። ከዚህም በላይ ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ዘጠኝ ዘጠኝ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍት እንዲሰጥ ያዝዛል። መጽሐፍ ሻጮቹ መብቱ ዘላለማዊ ነው ብለው ቢከራከሩም በ1774 የጌቶች ምክር ቤት ፈረደባቸው። ስለዚህ ነገሩ ከመነሻው ስምምነት ነበር፤ ለጥቂት ዘመን የደራሲው፥ ከዚያ በኋላ የሁሉ።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር፤ ካነበብሁት ሁሉ አሳቤን ያስለወጠኝ የዚያ አገር ታሪክ ነውና። አሜሪካ ነጻነቷን ካገኘች በኋላ በ1790 የራሷን የቅጂ መብት ሕግ አወጣች። ሕጉ የሚጠብቀው የአገሪቱን ዜጎችና ነዋሪዎች ብቻ ሲሆን፥ የውጭ አገር ሰው በውጭ አገር ያሳተመውን መጽሐፍ እንደ ገና ማተም ክልክል አለመሆኑን በግልጽ ይናገር ነበር። ስለዚህ የእንግሊዝ መጻሕፍት በመርከብ በደረሱ ቍጥር አሜሪካውያን አታሚዎች ለደራሲው አንዳች ሳይከፍሉ አትመው በርካሽ ይሸጡ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የተነበበው ቻርልስ ዲከንስ ነው።

ዲከንስ በጥር 1842 ቦስተን ሲደርስ ገና 30 ዓመት አልሞላውም ነበር። ሕዝቡ እንደ ንጉሥ ተቀበለው፤ ግብዣ በግብዣ ላይ ሆነ። እርሱ ግን በቦስተንና በሃርትፎርድ በተደረጉለት ግብዣዎች ላይ ተነሥቶ፥ የውጭ አገር ደራስያንም መብት ሊጠበቅ እንደሚገባ ተናገረ። ወዲያው ብዙ ጋዜጦች ተነሡበት፤ ገንዘብ ወዳድ፥ ውለታ የማያውቅ እንግዳ ነው አሉት። ከጋዜጦቹ አንዳንዶቹ ራሳቸው የእንግሊዝ ልብ ወለዶችን ያለ ክፍያ ከሚያትሙት መካከል ነበሩ። አታሚዎቹም የሚሰጡት ምክንያት እንዲህ የሚል ነው፦ አገራችን ወጣት ናት፤ ሕዝባችን ማንበብ ይገባዋል፤ መጽሐፍ ከተወደደ ድኻው ሳያነብ ይቀራል፤ ዲከንስስ በአገሩ ሀብታም አይደለምን? ይህ ቃል ለጆሮዬ እንግዳ አልነበረም፤ «አሜሪካ» የሚለውን «ኢትዮጵያ» ብዬ ለውጬ ለክርክሩ በደብተሬ የጻፍሁት ነውና።

ዲከንስ አገሩ ገብቶ በዚያው ዓመት ስለ ጕዞው መጽሐፍ ቢያሳትም፥ እርሱንም አሜሪካውያኑ ሳይከፍሉ አተሙት። በገዛ አገሩስ ሕጉ አዳነው ወይ? በታኅሣሥ 1843 «የገና መዝሙር» የተባለውን ትንሽ መጽሐፉን አሳተመ፤ እስከ ገና ዋዜማ 6,000 ቅጂ ተሸጠ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ የለንደን አሳታሚ ታሪኩን በሌላ ሰው እጅ ጥቂት አስለውጦ በርካሽ አወጣው። ዲከንስ ከሰሰና ረታ፤ የተረቱት ግን ንብረት የለንም ብለው ከሰሩ፤ እርሱም ካሣ በማግኘት ፋንታ 700 ፓውንድ የዳኝነት ወጪ ከኪሱ ከፈለ። ሕግ የሰጠውን መብት ለማስከበር የሚወጣው ወጪ ከመብቱ ዋጋ ሊበልጥ እንደሚችል ከዚህ ይታያል። ስለዚህ የነገሩ ጥበቃ ከዳኛ ይልቅ በገዥው ኅሊና ላይ ይወድቃል።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የደነቀኝ ግን በአሜሪካውያን ደራስያን ላይ የደረሰው ነው። አንድ የኒው ዮርክ አሳታሚ በአንድ እጁ ምንም የማይከፍልበት የዲከንስ መጽሐፍ አለ፤ በሌላው እጁ ደግሞ ስሙ ያልታወቀ አሜሪካዊ ወጣት የጻፈው፥ ገንዘብ የሚጠየቅበት ድርሰት አለ። የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። ነጻው የባዕድ መጽሐፍ የአገሩን ልጅ ከገበያ ያስወጣው ነበር። አሜሪካዊ ደራሲ መጽሐፉ በውጭ አገር ቢወደድለትም ዋጋ አያገኝም፤ ሐሪየት ቢቸር ስቶው በ1852 ያሳተመችው «የአጎቴ ቶም ጎጆ» በእንግሊዝ አገር እጅግ ብዙ ጊዜ ሲታተም አብዛኞቹ አታሚዎች አልከፈሏትም። በአገሯ ደግሞ አንድ አሳታሚ መጽሐፉን ሳያስፈቅዳት ወደ ጀርመንኛ አስተርጕሞ በፊላደልፊያ ሲያወጣባት ከሰሰችው፤ በ1853 ዳኛው ትርጕም ቅጂ አይደለም ብለው ፈረዱባት። ደራሲው የትርጕምን መብት ለራሱ እንዲያስቀር የተፈቀደው በ1870 በወጣው ሕግ ነው። የውጭ አገር ደራስያን በአሜሪካ ጥበቃ ያገኙት በ1891 ነው፤ ዲከንስ በቦስተን ከተናገረ 49 ዓመት በኋላ፥ ከሞተም 21 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ1886 በበርን ከተማ ወደ ተፈረመው የመንግሥታት ስምምነት ደግሞ አሜሪካ የገባችው በ1989 ነው።

ስለ አገራችን ደግሞ ብንመለከት፥ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት የሚናገሩ አንቀጾች ነበሩት። በ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 410 ወጣ፤ በ2007 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 872 ተሻሻለ። የ1996ቱ ዐዋጅ ሲወጣ የጠበቀው በዋናው የኢትዮጵያን ዜጎችና ነዋሪዎች፥ እንዲሁም በመጀመሪያ በኢትዮጵያ የታተሙትን ሥራዎች ነው፤ የሌሎቹን ጕዳይ አገራችን ለምትገባባቸው ስምምነቶች ተወው። አንባቢዬ የ1790ውን የአሜሪካ ሕግ ያስታውሱ ይሆናል። በእጄ ከገቡት የአማርኛ የትርጕም ልብ ወለዶች መካከል የደራሲው ፈቃድ መጠየቁን የሚናገር መስመር ያየሁባቸው በጣም ጥቂት ናቸው። እነዚህን መጻሕፍት እወዳቸዋለሁ፤ ተርጓሚዎቹም በእርግጥ ደክመዋል። ነገር ግን በመጽሐፍ ሻጩ መደርደሪያ ላይ አዲሱ የአማርኛ ደራሲ ጐን ለጐን የሚወዳደረው ምንም ካልተከፈለው የዓለም ዝነኛ ጋር መሆኑን ሳይ የኒው ዮርኩ አሳታሚ ሁለት እጆች ይታዩኛል።

ዐዋጁ ድኻ ተማሪን ረስቷል የሚል ቢኖር ግን ዐዋጁን አላነበበም። የደራሲውንና የመጽሐፉን ስም እየጠሩ መጥቀስን ይፈቅዳል። ለማስተማሪያ የሚሆን፥ ከተገቢው መጠን ያላለፈ ክፍል ማባዛትን ይፈቅዳል። ለግል ጕዳይ አንድ ቅጂ ማድረግንም ይፈቅዳል፤ ይህ ግን መጽሐፍን በሙሉ ወይም አብዛኛውን ክፍሉን ፎቶ ኮፒ ማንሣትን አይጨምርም። እንግዲህ የእኛ ሠላሳ ጥራዝ በየትኛውም በር አይገባም። ዐይነ ስውራን ግን በ2013 በማራካሽ በተፈረመው ስምምነት መሠረት መጽሐፍ በሚያነቡት መልክ እንዲዘጋጅላቸው መብት አላቸው፤ ኢትዮጵያም ከስምምነቱ አባል አገሮች አንዷ ናት።

ጊዜም ድርሻ አለው። መብቱ የሚቆየው ደራሲው በሕይወት ሳለና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመ ሲሆን፥ ደራሲው ካረፉ ከ50 ዓመት በላይ ስለ ሆነ ማንም ቢያባዛው የሚከለክለው የለም። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ደራሲው ግን ያረፉት ዐዋጁ በወጣበት በ1996 ዓ.ም. ስለ ሆነ መብቱ ለወራሾች እስከ 2046 ይጸናል። ይህ 50 ዓመት ለእኔ በዝቶ ይታየኛል፤ የንግሥት አን 14 ዓመት ዕጥፍ እንኳ ለአንድ ደራሲ በቂ ይመስለኛል። በዚህ የማይስማሙኝ እንዳሉ ዐውቃለሁ።

በክርክሩ ላይ ለመመለስ ከሁሉ የከበደን «ባላባዛውም አልገዛውም ነበር፤ ታዲያ ደራሲው ምን ጐደለበት?» የሚለው ነው። መምህራችን ቍራጭ ወረቀት አደሉንና፥ ስማችንን ሳንጽፍ፥ ፎቶ ኮፒ ባይኖር 400 ብር ሰጥተን እንገዛ እንደ ነበር እውነቱን እንድንጽፍ አዘዙን። ከሠላሳው ዐሥራ አንዱ «እገዛ ነበር» የሚል ሆነ። እንግዲህ ደራሲው ያጣው የሠላሳ ሳይሆን የዐሥራ አንድ መጽሐፍ ዋጋ ነው፤ ዐሥራ ዘጠኙ በእውነት አይችሉም ነበር። ለእነዚህ ዐሥራ ዘጠኝ ደግሞ ሌላ መንገድ ነበረ። ሁለቱን የቤተ መጻሕፍት ቅጂዎች እያንዳንዳችን አንድ አንድ ሳምንት ብንይዛቸው ሠላሳችንም በ15 ሳምንት እናነበው ነበር፤ እርሱም አንድ የትምህርት አጋማሽ ነው። የጐደለን ትዕግሥት እንጂ ገንዘብ አልነበረም። ይህን ሒሳብ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያወጣሁት ግን ክርክሩ ካለቀ በኋላ ነው።

«ደራሲ የሚፈልገው መነበብ ነው» የሚሉም ነበሩ። የሚፈልግ አለ፤ ድርሰቱን በፈቃዱ ለሁሉ በነጻ የሚሰጥም አለ፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ስጦታ የሚባለው ሰጪው ሲሰጠው ነው። እኛ ስልክ አንሥተን ደራሲውን ብንጠይቀው ምናልባት ይፈቅድልን ነበር፤ ወይም ለሠላሳ ሰው ዋጋ ይቀንስልን ነበር። አንዳችንም አልጠየቅነውም። መጠየቅ እንደሚቻል እንኳ አልታሰበንም።

ከክርክሩ በኋላ ክበቡ ስለ ጥራዞቹ ተነጋገረ። ይቃጠሉ ያለ ነበር፤ ወረቀቱ ተከፍሎበታል ተብሎ ተተወ። የሚችል ሁሉ ያዳናትን 160 ብር እንዲያመጣ ተስማማን፤ ማንም አልተገደደም፤ የመጡት ዐሥራ አንድ ናቸው። ቀድሞ «እገዛ ነበር» ያሉት ዐሥራ አንዱ ራሳቸው ይሁኑ አይሁኑ አልጠየቅንም። በተሰበሰበው 1,760 ብር አራት መጽሐፍ ገዝተን ለቤተ መጻሕፍት አስገባን፤ ዛሬ ስድስት ቅጂ አለ። ትርፉ 160 ብር በክበቡ ሣጥን ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ግን ሊመለስልን አልቻለም። ከአባሎቻችን አንዱ ጥራዙን ገጽ በገጽ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ለክፍሉ ልጆች ልኮት ነበር። በፎቶ ኮፒው እንኳ ለአንዱ ፊት 2 ብር ይከፈል ነበር፤ በዚህኛው ያም የለም። ነግሬው ከክፍሉ ቡድን ወዲያው አጠፋው። ከሁለት ወር በኋላ ግን የማላውቃቸው ብዙ ሺህ ሰዎች ባሉበት ሌላ ቡድን ውስጥ አገኘሁት፤ እኔ ያስነሣሁት ጥራዝ መሆኑን ያወቅሁት ገጽ 57 ላይ በጣቴ ባሳረፍሁት የቀለም ነጠብጣብ ነው። ጥራዙ የተነሣው ያለ ሽፋን ስለ ነበረ የደራሲው ስም በየትኛውም ገጽ ላይ የለም።